በጋራ ኮምፒውተር ላይ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው የት ላይ ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም ነፃውን የደኅንነት ማሻሻያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ፣ አንድ ኮምፒውተር ለሦስትና ለአራት ሰው በሚዳረስበት ቢሮ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም (ክፍት ሥራዎች የሚያዙበት ጊዜያዊ ማኅደር)፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያለውን ማሽን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ባመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። አዲስ እንግዛ ቢባል ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋም አብሮ ተነሥቷል።

ስለዚህ አሮጌው ማሽን በጋራ መሠራቱ ይቀጥላል። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙ ሁለት መፍትሔዎች አሉ፦ አንዱ «ለየሰዉ አንድ ኮምፒውተር ይገዛ»፣ ሌላው «ሠራተኛው እንግሊዝኛ ይማር»። የመጀመሪያው በቅርቡ የሚሆን አይመስልም። ሁለተኛው እውነት አለበት፤ ግን የትኛው እንግሊዝኛ፣ ለማን፣ ለየትኛው ሥራ የሚለው ሳይለይ ስለሚጀመር ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። የጋራ ኮምፒውተር ከግል ኮምፒውተር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በግል ማሽን ላይ መልዕክት ሳያነብ አዝራር የተጫነ ሰው የራሱን ሥራ ያጠፋል፤ በጋራ ማሽን ላይ ግን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ያልነበረ ባልደረባ ሥራ ነው።

«የጋራ» ሲባል ሦስት ዓይነት ነው

በብዛት የሚታየው በተራ መጠቀም ነው። ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ፣ ከሰዓት በኋላ ንብረት ክፍል፣ በመካከሉ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሁሉ ይቀመጥበታል። ማሽኑ ላይ ያለው አካውንት አንድ ብቻ ነው፤ ይለፍ ቃል የለውም፣ ቢኖረውም ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው የጋራ ፎልደር ነው። ሁለት ሦስት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ገመድና ገመዶቹን በሚያገናኘው ስዊች ይያያዙና በአንዱ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉም ይከፍቱታል። የአንድ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። በመጋዘን ግቢ ውስጥ ቢሮው ወዲህ፣ የክብደት ሚዛኑ ወዲያ ሲሆን ይህ ልክ ይዘነጋና ግንኙነቱ ይቆራረጣል፤ ጥፋቱም በኮምፒውተሩ ይመካኛል።

ሦስተኛው ዓይነት እምብዛም አልተለመደም፦ አንድ ጠንካራ ማሽን እንደ ሰርቨር ሆኖ ደካሞቹ ማሽኖች ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ይሆናሉ። አሮጌ ማሽኖችን ከመጣል የሚያድነው ይህ ነው። ነገር ግን ተራው ዊንዶውስ ፕሮ በርቀት እንዲሠራበት የሚፈቅደው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ለማስገባት የዊንዶውስ ሰርቨር እትምና ለየተጠቃሚው ወይም ለየማሽኑ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ኤልቲኤስፒ በተባለው ነፃ ሥርዓት ይህን ያለ ፈቃድ ክፍያ መሥራት ይቻላል፤ የሚከፈለው ለሚያቋቁመው ባለሙያ ነው። አደጋውም ግልጽ ነው፤ ሰርቨሩ ከቆመ ሁሉም ይቆማል፤ መብራት በሚጠፋበት ሠፈር ደግሞ ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ከሚሰጠው ባትሪ ውጭ፣ መሞከርም አይገባም።

መልዕክቱ ለአንዱ፣ ንባቡ ለሌላው

ኮምፒውተር ሲያስጠነቅቅ የሚያናግረው ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። በጋራ ማሽን ላይ ግን ፊቱ የተቀመጠው ሰውና ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን እንይ። ዎርድ ያልተቀመጠ ሥራን ለአደጋ ጊዜ የሚመዘግበው፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው። መብራቱ ተመልሶ ዎርድ ሲከፈት በግራ በኩል «ዶክመንት ሪከቨሪ» የሚል ሰሌዳ ይወጣል፤ ከአደጋው የተረፉ ፋይሎች ማለቱ ነው። ሁሉም በአንድ አካውንት የሚገቡ ከሆነ ይህን ሰሌዳ የሚያየው የሥራው ባለቤት ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱም የራሱን ደብዳቤ ሊጽፍ ቸኩሏልና ሊዘጋው ይሞክራል። ያን ጊዜ ዎርድ ፋይሎቹ ለኋላ ይቆዩ ወይስ ይወገዱ ብሎ ይጠይቃል። «ኖ፣ ሪሙቭ ዚዝ ፋይልስ» የሚለው ከተመረጠ የባልደረባው የጠዋት ሥራ አለቀለት። በኋላ የሚወራው «መብራት በላው» ተብሎ ነው፤ መብራቱ ግን መልሶት ነበር።

ለየሰዉ አካውንት ሲከፈትም ሌላ መልዕክት ይመጣል። አንዷ ሥራዋን ሳትዘጋ ተጠቃሚ ቀይራ ከተነሣች የእሷ ሥራ ከጀርባ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ራሙንም ይይዛል። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ተረኛው ሪስታርት ያዝዛል። ዊንዶውስ «ሌላ ሰው አሁንም ይህን ኮምፒውተር እየተጠቀመ ነው፤ አሁን ካስነሡት ያላስቀመጠው ሥራ ሊጠፋ ይችላል» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያወጣል። ከሥሩ ያለው አዝራር «ሪስታርት ኤኒዌይ» ይላል። «ሪስታርት» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚፈልገውም እሱን ነው። ጉዳቱን የያዘው ግን «ኤኒዌይ» ነው፦ ምንም ይሁን ምን፣ የመጣው ይምጣ።

በጋራ ፎልደር ላይ ደግሞ አንዱ የከፈተውን የኤክሴል ፋይል ሌላው ሲከፍት ፋይሉ መቆለፉን የሚነግር ሳጥን ይመጣል። «ሪድ ኦንሊ» ማለት ማየት እንጂ በዚያው ፋይል ላይ ማስቀመጥ አይቻልም ማለት ነው። «ኖቲፋይ» ማለት ደግሞ ፋይሉ ሲለቀቅ ንገረኝ ማለት ነው። አንባቢው ልዩነቱን ካላወቀ በ«ሪድ ኦንሊ» ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይሞላል። ላስቀምጥ ሲል እምቢ ይለዋል፤ በሌላ ስም ያስቀምጣል። ከሳምንት በኋላ ፎልደሩ ውስጥ «ክምችት»፣ «ክምችት አዲሱ»፣ «ክምችት የመጨረሻ» እና «ክምችት የመጨረሻ 2» ይገኛሉ። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኦዲተር ሲመጣ የሚነሣው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሌብነት አይደለም፤ ይህች ሳጥን ናት።

ከሁሉም የከፋው ስረዛ ነው። በራስ ኮምፒውተር ላይ የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ይገባል፤ ይመለሳል። በኔትወርክ ካለ የጋራ ፎልደር ወይም ከፍላሽ ላይ ሲሰረዝ ግን አይገባም። ዊንዶውስ ይህን የሚናገረው በአንዲት ቃል ነው፤ ጥያቄው ውስጥ «ፐርማነንትሊ» ትገባለች፣ እስከ መጨረሻው ማለት ነው። ፋይል ሲገለበጥ የሚመጣው «ሪፕሌስ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፦ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ እሱን አጥፍቼ ይህን ልተካ ወይ ማለቱ ነው። የትናንቱ ቅጂ በዛሬው ላይ ሲጫን ሥራው የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

«ካንስል» ያመጣው ጣጣ

ፍላሽ በድንገት ተነቅሎ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲበላሽ ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል መልዕክት ያወጣል። ሁለት አዝራሮች አሉ፤ አንዱ ፎርማት፣ ሌላው ካንስል። ትክክለኛው ካንስል ነው። ፎርማት ከተደረገ የፋይሎቹ ማውጫ ይደመሰሳል። ካንስል ብሎ፣ ምንም ሳይጽፉበት ነቅሎ የፋይል ማዳኛ ፕሮግራም ላለው ባለሙያ መስጠት ግን ተስፋ አለው።

ታዲያ ሰው ለምን ፎርማትን ይጫናል? አንዱ ምክንያት ዓረፍተ ነገሩ እንደ ትእዛዝ መሰማቱ ነው። ሌላው ምክንያት በአማርኛ ውስጥ ያለው «ካንስል» ነው። በአማርኛ ንግግር ደረሰኝ ካንስል ይደረጋል፣ ጉዞ ካንስል ይሆናል፣ ቀጠሮ ካንስል ይባላል፤ ትርጉሙ ማፍረስ፣ መሰረዝ ነው። ይህን የለመደ ሰው ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ «ካንስል» ማለት ያስፈራዋል። በመልዕክት ሳጥን ላይ ያለው ካንስል ግን «ተወው፣ ምንም አታድርግ፣ ወደ ነበርንበት እንመለስ» ማለት ነው። የለመድነው የውጭ ቃል ከማናውቀው ይልቅ ያሳስታል፤ የማናውቀውንማ እንጠይቃለን።

«ኦኬ»ም የዋህ አይደለም። በንግግር «እሺ፣ ሰምቻለሁ» ነው፤ በሳጥኑ ላይ «ያልከውን ፈጽም» ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን ከፊት ለማባረር ኦኬ የሚል ሰው ሳያውቅ ፊርማውን አኑሯል።

የአሜሪካ ወረቀት፣ የኢትዮጵያ ቀን

እንግሊዝኛ ሲባል ቃሉ ብቻ አይደለም፤ አብሮት አገሩም ይገባል። ብዙ ኮምፒውተሮች የሚጫኑት በ«እንግሊዝኛ ዩናይትድ ስቴትስ» ነው። ያኔ ዎርድ የሚያዘጋጀው ገጽ 216 በ279 ሚሊሜትር የሆነው የአሜሪካ ሌተር ወረቀት ይሆናል፤ በፕሪንተሩ ውስጥ ያለው ግን 210 በ297 የሆነው ኤ4 ነው። አንዳንዱ ፕሪንተር አልፎት ያትማል። ሌላው ግን «ሎድ ሌተር» የሚል ጽሑፍ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አውጥቶ ይቆማል። ሎድ ሌተር «ደብዳቤ ጫን» ማለት አይደለም፤ ሌተር የተባለውን ወረቀት አምጣ ማለቱ ነው። ፕሪንተሩ የጋራ ከሆነ ከዚያች አንዲት ገጽ ኋላ የተሰለፈው የሁሉም ሥራ ይታገታል። ሰዎችም አልታተመም ብለው ደጋግመው ያዝዛሉ፣ ሲለቀቅ አንዱ ደብዳቤ አምስት ጊዜ ይወጣል። መድኃኒቱ በዎርድ ውስጥ የገጹን መጠን ኤ4 አድርጎ «ሴት አዝ ዲፎልት» ማለት፣ ማለትም ቋሚ ማድረግ ነው።

ቀኑ ከወረቀቱ የባሰ ነው። በዚህ አሠራር ኤክሴል የሚያነበው ወር/ቀን/ዓመት ብሎ ነው፤ ካላንደሩም የፈረንጆቹ ነው። ጥር 12 ቀን 2018 ለማለት 12/05/2018 ብለን ስንጽፍ እሱ የሚይዘው ዲሴምበር 5 ቀን 2018 ነው። ጥቅምት 30 ን 30/02/2018 ስንል ሠላሳኛ ወር የለምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ን 05/13/2018 ካልነው ደግሞ ደስ ብሎት ሜይ 13 ያደርገዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ በቅደም ተከተል ሲደረደር ይዘበራረቃል። በብድርና ቁጠባ ማኅበር መዝገብ ላይ ከዛሬ ቀን ጋር የሚያነጻጽር ቀመር ከገባበት፣ ትናንት የተበደረ ሰው የሰባት ዓመት ውዝፍ ያለበት ሆኖ ይወጣል።

አጻጻፉን ወደ ቀን/ወር/ዓመት መለወጥ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ካላንደሩ አይለወጥም። ከዚያም በላይ፣ ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ ብቻ ከተለወጠ ያው አጻጻፍ በሁለት ማሽን ሁለት ቀን ይሆናል። የሚሻለው የኢትዮጵያን ቀን በሦስት ዓምድ ማስገባት ነው፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወይም ከመጻፍ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ማድረግና ዓመቱን አስቀድሞ 2018/05/12 ብሎ መጻፍ፤ እንዲህ ሲሆን ድርደራው አይዛባም።

ገጹን ወደ አማርኛ ብንመልሰውስ?

ይህ ክርክር ክብደት አለው። ሥራው በአማርኛ የሆነን ሰው ለአዝራር ሲባል እንግሊዝኛ ተማር ማለት ግብሩን ለተሳሳተው ወገን ማስከፈል ነው፣ ማሽኑ ይማር እንጂ የሚሉ ወገኖች አሉ። መነሻውም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የፊደላችንን ፎንት ይዞ መጣ። ለዊንዶውስ 10 እና 11 ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች የሚተረጉም የአማርኛ የገጽታ ጥቅል አለ፤ በነፃ ይጫናል።

ችግሩ ጥቅሉ ሙሉ አለመሆኑ ነው። አዘውትረው የሚታዩት ገጾች ይተረጎማሉ፤ ያልተተረጎመው በእንግሊዝኛ ይቀራል። የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ያ አስቸጋሪው ማስጠንቀቂያ ነው። ሒሳብ የሚሠራበት ፒችትሪ እንግሊዝኛ ነው፤ ፕሪንተሩም እንደዚሁ። መልዕክቱ በአማርኛ ሲመጣ ደግሞ መፍትሔውን ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈው ሰው የሚያገኘው ነገር ይመነምናል፤ የተከማቸው ዕውቀት በእንግሊዝኛ መልዕክቱ ስም ነውና። በዳርቻው ላይ ሌላም ነገር አለ። አጠገብ ለአጠገብ ካሉ ሁለት ቢሮዎች የአንዱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የሌላው አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቢሮ ውስጥም ሁለቱን የሚናገሩ አብረው ይሠራሉ። አማርኛ ገጽ ለሁሉም እኩል ቅርብ አይደለም።

ስልክ ያስተርጉመው የሚሉም አሉ። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ስክሪኑን በካሜራ አሳይቶ ትርጉም ማግኘት ይቻላል። ለረዥም ዓረፍተ ነገር ይጠቅማል። ለአንድ ቃል አዝራር ግን ዐውድ ስለሌለው ያሳስታል፤ «ዲስካርድ» ን ጣል ቢለው የቱን እንደሚጥል አይነግርም። የሠራተኞች ስም፣ ደመወዝ ወይም የታካሚ መረጃ የያዘ ስክሪን በግል ስልክ ፎቶ ሲነሣ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለ ማስታወስ ይገባል። በጋራ ማሽን ብራውዘር ላይ «ሴቭ ፓስዎርድ» ለሚለው እሺ ማለትም ያው ነው፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በሌላ ሰው ስም ይገባል።

ታዲያ ኮርሱ ምን ያስተምር?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጓል። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው የመልዕክት ሳጥን ለምን ያቅተዋል? የሳጥን እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ስላልሆነ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ባለቤቱ ይገደፋል፣ ዋናው ነገር በአንድ ተውሳከ ግሥ ላይ ይንጠለጠላል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው ፍሬ ነገሩን ከመጨረሻ መጠበቅ ለምዷል፤ የሳጥኑ እንግሊዝኛ ደግሞ ድርጊቱን አስቀድሞ ቅድመ ሁኔታውን ያስከትላል። በዚህ ላይ ሰው ቸኩሏል፤ ወረፋ የያዘም ከኋላው ቆሟል።

የንግግር ኮርስ ይህን አያስተካክልም። ራስን ማስተዋወቅና ስለ አየር ጠባይ መጨዋወት የራሱ ጥቅም አለው፤ «አንሴቭድ» ማለት ያልተቀመጠ መሆኑን ግን አያስተምርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ቢሆን ሰፊ በር ነው፤ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ቪዲዮውን አሳልፎ ሰርተፍኬት ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ለቢሮ ተጠቃሚ መጀመር ያለበት ጥፋት ከሚያመጡ ቃላት ነው። ፎርማት፣ ዲሊት፣ ፐርማነንትሊ፣ ሪፕሌስ፣ ኦቨርራይት (በነበረው ላይ መጻፍ)፣ ዲስካርድ፣ ሪሙቭ፣ ሪሴት (ወደ መነሻው መመለስ)፣ አንሴቭድ፣ ኤኒዌይ፤ አሥር ቢሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ስክሪን ላይ ከታየ እጅ ይነሣል፤ ሰው ይጠራል። እነዚህን በቃል ሳይሆን ከእውነተኛው ሳጥን ጋር ማሳየት ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛው ደረጃ ለሁሉም አያስፈልግም። በየቢሮው አንድ ሰው፣ ማሽኑን የሚጠብቀው፣ የመመሪያ ገጽ አንብቦ የሚረዳ፣ የስሕተቱን ቁጥር ገልብጦ የሚፈልግና ትክክለኛ ጥያቄ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ መሆን አለበት። በጀቱ ውስን ከሆነ አሥር ሰው ለአንድ ወር ከማሠልጠን ይህን አንዱን ለስድስት ወር ማሠልጠን ይሻላል። በመሐል ከተማ ባለሙያ ቅርብ ነው፤ ከመርካቶ እስከ ኮዬ ፈጬ እስኪመጣ ግን ግማሽ ቀን ያልቃል፣ የትራንስፖርቱም ሒሳብ አለ።

በዚህ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ አንዱን ብቻ ማሠልጠን ዕውቀቱን በአንድ ሰው እጅ ያስገባል፣ እሱ ሲለቅ ቢሮው ይጨልማል የሚል። እውነት ነው። ስለዚህ የሚማረው ሰው ለየአጋጠመው መልዕክት አንድ መስመር በአማርኛ ወይም በቢሮው የሥራ ቋንቋ በደብተር መመዝገብ አለበት፦ መልዕክቱ፣ ትርጉሙ፣ የተጫነው አዝራር፣ ቀኑ። ደብተሩ ከማሽኑ ጎን ይቀመጣል፤ የሰውየው ንብረት አይደለም።

በግማሽ ቀን የሚያልቀው ሥራ

ከቋንቋው በፊት ማሽኑን ማስተካከል የሳጥኖቹን ቁጥር ይቀንሳል። ለየሰዉ «ስታንዳርድ» የሚባለው ተራ አካውንት ይከፈት፤ ፕሮግራም መጫን የሚችለው «አድሚኒስትሬተር» አንድ ብቻ ይሁን፣ ማንም በየቀኑ አይግባበት። እንዲህ ሲሆን ከፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ራሱን በመላው ማሽን ላይ መጫን ይከብደዋል፤ ዶክመንት ሪከቨሪም የሚወጣው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ተራ ሲለወጥ «ስዊች ዩዘር» ሳይሆን «ሳይን አውት» ይባል፣ ሥራን አስቀምጦ መውጣት ማለት ነው። የዎርድና የኤክሴል የአደጋ ጊዜ ምዝገባ በየ10 ደቂቃው መሆኑ ቀርቶ በየ3 ደቂቃው ይሁን፤ ይህ በየአካውንቱ ተደጋግሞ የሚደረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው። አነስተኛ ዩፒኤስ አንድ ዴስክቶፕን ለጥቂት ደቂቃ ስለሚያቆይ አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል፤ ሌዘር ፕሪንተር ግን አይሰካበት፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ይጥለዋል።

የጋራ ፎልደሩ ቅጂ በየቀኑ ማታ በሌላ ዲስክ ላይ ይወሰድ፤ ዲስኩም ይነቀል፣ እንደተሰካ ካደረ ከማሽኑ ጋር አብሮ ሊበላሽ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የአድሚኒስትሬተሩ ይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ማሽኑን የሚጠብቀው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ እያለ ፖስታው ከተከፈተ፣ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራው ይለፍ ቃሉን ለውጦ አዲስ ፖስታ ማሸግ ነው።